ከዱባይ ወደ ሰነቴ፦ እናቴን ይዤ ባሌ ተራሮች ልወጣ ነው፣ ምን ልዘጋጅ?

የአራዳዋ

ሰላም ለሁላችሁ። ከገና በኋላ ለእረፍት አገር ቤት እገባለሁ። ዘንድሮ ላንጋኖና ሶደሬ ይቅርብን ብለን ባሌ ተራሮችን መርጠናል። የምንሄደው እኔ፣ ታናሽ ወንድሜና እናታችን ነን። እናቴ ስልሳውን አልፋለች። ግፊት አለባት፣ መድኃኒቷን ግን በሥርዓት ትወስዳለች፣ እግሯም ከኔ ይሻላል። ቀይ ቀበሮ ሳላይ አልሞትም ያለችው ራሷ ናት።

ያሰብነው እንዲህ ነው። ሌሊት አዲስ አበባ እገባለሁ፣ በማግስቱ በአውሮፕላን ሮቤ። ከዚያ መኪና ይዘን በዚያው ቀን ሰነቴ የሚባለው አምባ ላይ ወጥተን ድንኳን እንተክላለን። ሁለት ሌሊት እዚያው አድረን፣ ቱሉ ዲምቱ ተራራን አይተን፣ በሀረና ጫካ በኩል ዞር ዞር ብለን እንመለሳለን። ወንድሜ "አዲስ አበባ የተወለደ ሰው ከፍታ ምን ያደርገዋል?" ይላል። እኔ ግን ብዙ ዓመት ዱባይ ባሕር ዳር ነው የኖርኩት፣ ሁለተኛ ፎቅ እንኳ በሊፍት ነው የምወጣው።

ብርዱ እንዴት ነው? ለከፍታ ሕመም ዳያሞክስ የሚባለውን ኪኒን እንግዛ ወይ? እናቴንስ ድንኳን ውስጥ ማሳደር ልክ ነው? ከዚህ ገዝቼ የምመጣው ነገር ካለም ንገሩኝ፣ ሻንጣ ውስጥ ቦታ አለኝ።

ጉደኛው

እህቴ ምን ያስጨንቅሻል። እነ ደራርቱ፣ እነ ቀነኒሳ በቆጂ ተወልደው አይደል እንዴ ዓለምን ያስጨበጨቡት? እኛ ከፍታ ደማችን ውስጥ ነው። ነጭ ሽንኩርት በደንብ ብሉ፣ ማታ ማታ አንዳንድ መለኪያ አረቄ፣ አለቀ። ፈረንጅ ነው ኪኒን ምናምን እያለ የሚያካብደው።

ሲስተር_ነኝ

ጉደኛው ጨዋታህን እወደዋለሁ፣ ግን ይሄን ምክር ሰምታ እናቷን ይዛ እንዳትወጣ ልጻፍ።

እነ ቀነኒሳ ደጋ ተወልደው ደጋ ነው ያደጉት፣ ሲለማመዱም እዚያው ነው። ሰውነት ከፍታን የሚለምደው እዚያ ሲኖር ነው። ወደ ባሕር ጠረፍ ወርዶ ሲከርም ያ ልምድ በሳምንታት ውስጥ ይጠፋል። ስለዚህ የአራዳዋ፣ ፓስፖርትሽ ላይ የትውልድ ቦታ አዲስ አበባ ቢልም ለሰነቴ አንቺ የዱባይ ሰው ነሽ። እንዲያውም ከሦስታችሁ መጀመሪያ ራስሽን የሚያምሽ አንቺን ይመስለኛል እንጂ እናትሽን አይደለም። እሳቸውና ወንድምሽ አዲስ አበባ 2,300 ሜትር አካባቢ ላይ ነው የሚተኙት፣ የመንገዱን ግማሽ ወጥተዋል ማለት ነው።

ችግሩ ያለው እቅዱ ላይ ነው። ሰነቴ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፣ ቱሉ ዲምቱ ደግሞ 4,377። እዚያ ላይ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የምታገኚው ኦክሲጅን በባሕር ጠረፍ ከምታገኚው 60 በመቶ ገደማ ነው። በአንድ ቀን ተኩል ከዱባይ እዚያ ወጥቶ መተኛት ለማንም አይመከርም። የተለመደው ደንብ ከ3,000 ሜትር በላይ የምትተኙበት ቦታ በየሌሊቱ ከ500 ሜትር በላይ እንዳይጨምር ነው። ልብ በይ፣ ዋናው የምትተኙበት ከፍታ ነው። ቀን ወጥቶ ዞሮ ማታ ዝቅ ብሎ ማደር በጣም ይሻላል።

ስለ ኪኒኑ። ዳያሞክስ ይሠራል። ብዙ ጊዜ 125 ሚሊግራም ጠዋትና ማታ፣ ከመውጣት አንድ ቀን በፊት ተጀምሮ ነው የሚታዘዘው። ጣት ይነዝራል፣ ሽንት ያበዛል፣ ይሄ የሚጠበቅ ነው። ነገር ግን ሰልፋ ለሚባሉት መድኃኒቶች አለርጂ ያለበት ሰው ሐኪም ሳያማክር አይነካውም። የእናትሽን ነገር ደግሞ ለብቻው እይው። የግፊት መድኃኒታቸው የሚያሸናው ዓይነት ከሆነ ሁለቱ ተደርበው ፖታሲየም ሊያወርዱባቸው ይችላሉ። ስለዚህ የኪኒናቸውን ፓኮ ይዘሽ የሚከታተላቸውን ሐኪም ጠይቂ፣ ፋርማሲ ቆመሽ አትወስኚ። ግፊታቸውንም ከጉዞው በፊት ደህና አድርገው ይለኩ፣ ከፍታ መጀመሪያ ላይ ግፊትን ከፍ ያደርጋል። መለኪያ ማሽን ካላችሁ ያዙት።

ምልክቱን ሦስታችሁም እወቁ። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የምግብ ፍላጎት መጥፋት፣ እንቅልፍ እምቢ ማለት ከመጣ ባላችሁበት ቁሙ፣ ከዚያ በላይ አትውጡ። ቁጭ ባለበት ትንፋሽ የሚያጥረው፣ የሚያስለው፣ ወይም ቀጥ ባለ መስመር መራመድ አቅቶት እንደ ሰካራም የሚንገዳገድ ሰው ካለ ግን ሌሊትም ቢሆን ይዛችሁት ውረዱ። "እስኪነጋ እንይ" የሚባል ነገር የለም። ጎባ ሪፈራል ሆስፒታል አለ፣ መንገዱም ቁልቁል ነው። ሾፌራችሁ እዚያው አብሯችሁ የሚያድር ይሁን፣ አድርሷችሁ የሚመለስ ሳይሆን።

አረቄው ይቅር። ሙቀት የመጣ ያስመስላል እንጂ ቆዳን አሙቆ የሰውነትን ሙቀት ነው የሚያስወጣው፣ እንቅልፍ ላይ ትንፋሽንም ያዳክማል። ነጭ ሽንኩርቱን ወጥ ውስጥ ጨምሩት።

ሹፌሩ_ከጎባ

እንኳን በደህና ወደ አገርሽ ልትመጪ። ሲስተር ያለችው ሁሉ ልክ ነው። እኔ የመንገዱን ልጨምር።

ከጎባ ተነስተሽ ሰነቴ ለመድረስ ጥቂት ነው የሚፈጀው። አደጋውም እሱ ነው፣ መኪና ውስጥ ቁጭ ብለሽ ሳይታወቅሽ 4,000 ሜትር ትገቢያለሽ። ሰው በእግሩ ቢወጣ ይደክመውና ይቆም ነበር፣ ቶዮታ ግን አይደክማት።

የኔ ሐሳብ ሮቤ ስትወርዱ ወደ ጎባ ሳይሆን ወደ ዲንሾ ሂዱ። ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የፓርኩ ዋና ቢሮ እዚያ ነው፣ ከፍታው 3,100 ገደማ። መግቢያውን እዚያ ትከፍላላችሁ፣ አስጎብኚም እዚያ ይመደብላችኋል፣ ደረሰኙን አትጣሉ። ለእናታችን ደግሞ ከዲንሾ የተሻለ ቦታ የለም። የደጋ አጋዘኑ ግቢው አካባቢ ነው የሚግጠው፣ የምኒልክ ድኩላና ከርከሮም አለ። ቀስ እያሉ በጥድና በኮሶ ዛፍ ሥር እየተራመዱ ሁሉንም ያዩታል። ሁለት ሌሊት እዚያ ካደራችሁ በኋላ በመኪና ሰነቴ ውጡና ቀኑን ዋሉበት፣ ማታ ጎባ ውረዱ ወይም በወዲያኛው በኩል ወደ ሀረና ዝለቁ። ካቻ ካምፕ 2,400 ሜትር አካባቢ ነው፣ እዚያ ስትወርጂ ጆሮሽም ሳንባሽም ይከፈታል።

ቀበሮዋን ለማየት ብላችሁ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ አትነሱ። አንዳንድ ሰው እንደ ሳፋሪ በጨለማ ካልሄድን ይላል። የኛ ቀይ ቀበሮ የምታድነው ቀን ነው፣ ምክንያቱም አይጦቹና ፍልፈሉ ፀሐይ ሲሞቅ ነው ከጉድጓድ የሚወጡት። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ሦስት ሰዓት ላይ ሰነቴ ከደረሳችሁ ይበቃል፣ መንገዱ ላይ ያለው ውርጭም ይቀልጣል። ከሰዓት በኋላ ጉም ሊመጣ ይችላል፣ በጉም አትንዱ። ሾፌሩን ቀስ በል በሉት። በዓለም ላይ የቀሩት ቀበሮዎች 500 አይሞሉም፣ ከግማሽ በላዩ እዚህ ነው ያለው፣ በመኪና የሚገጩም አሉ። ምግብ ወርውራችሁ ፎቶ ለማንሳት እንዳትሞክሩ፣ እለምናችኋለሁ።

ነዳጅና ጥሬ ብር ሮቤ ወይም ጎባ ላይ ያዙ። ኔትወርክ ቱሉ ዲምቱ አናት ላይ አንቴና ስላለ ሊይዝ ይችላል፣ ሜዳው ላይ ግን አትመኑት። የበረራውን ቀን አስቀድማችሁ አረጋግጡ፣ በየቀኑ ላይኖር ይችላል። በመኪና ከአዲስ አበባ ከመጣችሁ በሻሸመኔም በአሰላ በኩልም ዶዶላ ላይ ይገናኛል፣ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከመነሳታችሁ በፊት ደግሞ የመንገዱን ሁኔታ ከሰሞኑ ካለፈበት ሾፌር ጠይቁ፣ ከወር በፊት የተጻፈ ነገር አንብባችሁ አትነሱ።

የአራዳዋ

ኧረ እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ሲስተር፣ ወንድሜ ጽሑፍሽን አንብቦ ዝም ብሏል፣ እሱን ዝም ማሰኘት ቀላል አይደለም። ዲንሾን ተቀብለናል። ግን አንድ ሌሊት እንኳ ሰነቴ ላይ ድንኳን ውስጥ ሳላድር ብመለስ ይቆጨኛል። እኔና ወንድሜ ብቻ ብናድር፣ እናቴ ጎባ ሆቴል ብትሆንስ? ምን ዓይነት ዕቃ ያስፈልገናል?

ጅብራ

ከዲንሾ ሁለት ሌሊት በኋላ፣ ራስ ምታት ከሌላችሁ፣ ጎባ ደግሞ አንድ ሌሊት ጨምራችሁ ከሆነ አንድ ሌሊት ማደር ይቻላል። ሲስተር በምትለው ደንብ ከሄድን አሁንም ዝላዩ ትልቅ ነው፣ ስለዚህ መኪናው አጠገባችሁ ይደር። ይሄ የሰነቴ ጥቅም ነው። ከዲንሾ በፈረስ ወደ ዌብ ሸለቆ ገብቶ የሚያድር ሰው ቢያመው መኪና የለም፣ የሚወርደው በፈረስ ነው።

የናንተ ወቅት በጋ ነው፣ ሰማዩ ጥርት ያለ። ጥርት ያለ ሰማይ ማለት ግን የሌሊት ውርጭ ማለት ነው። ሰነቴ ላይ በበጋ ሌሊት ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ የደረሰበት ጊዜ አለ። ቀን ደግሞ በሸሚዝ ትሄጃለሽ። ስለዚህ አንድ ወፍራም ካፖርት ሳይሆን የሚደራረብ ልብስ ያዢ፦ ከሥር ላብ የሚያደርቅ (ጥጥ አይሁን፣ አንዴ ከረጠበ አይደርቅም)፣ ከላይ ሹራብ ወይም ፍሊስ፣ ከዚያ የላባ ጃኬት፣ ከሁሉም በላይ ነፋስ የማያስገባ። ጓንትና ኮፍያ ግዴታ ነው። ጋቢም ያዙ፣ ማታ ላይ ጋቢን የሚያህል ነገር የለም።

ከዱባይ የምትገዢው ስሊፒንግ ባግ ነው፣ እዚህ ጥሩውን ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ከረጢቱ ላይ ሁለት ቁጥር ይጻፋል። አንዱ ተመችቶሽ የምትተኚበት ነው፣ ሌላው እየተንቀጠቀጥሽ የምታነጊበት ነው። ሻጩ ትልቁን ብርድ እያሳየ ይሸጥልሻል፣ አንቺ የመጀመሪያውን እይ፣ ከዜሮ በታች 10 ይሁን። ከሥር የሚነጠፈው ፍራሽም እኩል ዋጋ አለው፣ ብርዱ ከመሬት ነው የሚመጣው። ውሃሽን፣ ስልክሽንና ፓወር ባንክሽን ይዘሽ ተኚ፣ ውጭ ካደሩ ጠዋት ውሃው በረዶ ነው፣ ባትሪውም ይሞታል። ግንባር ላይ የሚታሰር መብራት፣ የፀሐይ መነጽር፣ ሰንስክሪን፣ ለከንፈር ቫዝሊን። ጠይም ነኝ አይቃጠልም እንዳትዪ፣ የአፍንጫሽ ቆዳ ይነሳል።

ምግብ ላይ አንድ ነገር። 4,000 ሜትር ላይ ውሃ የሚፈላው 87 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሽንብራና ምስር እዚያ እቀቅላለሁ ያለ ሰው እስከ እኩለ ሌሊት ይጠብቃል። ሽሮ ግን ምንም አይልም። በሶ፣ ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ ቋንጣ ያዙ። ባሌ ከደረሳችሁ ደግሞ ጭኮ ፈልጉ፣ ቅቤና ገብስ ነው፣ ለዚያ ብርድ ተብሎ የተፈጠረ ይመስላል።

ለወንድምሽና ከፍታ ደማችን ውስጥ ነው ላለው ለጉደኛው ደግሞ ይሄን ንገሪልኝ። ዌብ ሸለቆ አጠገብ ፊንጫ ሀበራ የሚባል የድንጋይ ዋሻ አለ፣ 3,469 ሜትር ላይ። በ2019 ተመራማሪዎች ሳይንስ መጽሔት ላይ እንዳወጡት ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ሰዎች እዚያ እየተመላለሱ ይኖሩ ነበር። ምግባቸው ምን መሰላችሁ? ቀበሮዋ የምትበላው ያው ግዙፍ ፍልፈል፣ በእሳት ተጠብሶ።

ጉደኛው

በቃ ተረታሁ። አረቄው ቀርቶ ፍልፈል ጥብስ ይሁን። ድንኳኗ ውስጥ ግን ትንሽ ከሰል ብታስገባስ?

ሲስተር_ነኝ

ጉደኛው!! ይሄንን በቀልድም አትጻፍ። ዝግ ድንኳን ወይም ክፍል ውስጥ ከሰል ማለት ሞት ነው። ጭሱ ባይታይም ጋዙ አለ፣ ሽታ የለውም፣ ሰው ተኝቶ ይቀራል። ይሄ ለድንኳኑ ብቻ አይደለም፣ እንግዳ ማረፊያ ክፍል ውስጥም "ብርድ ነው፣ እሳት እናምጣላችሁ" ቢሏችሁ አመስግናችሁ እምቢ በሉ። የፈላ ውሃ ሙቀት በሚችል ጠርሙስ፣ በካልሲ ጠቅልላችሁ እግር ሥር አድርጉ።

የአራዳዋ

እሺ፣ እንዲህ አደረግነው። አዲስ አበባ ሦስት ሌሊት (እናቴ እንዲያውም ደስ ብሏታል፣ ዘመድ ሳልጠይቅ ወዴት ልትሄጂ ነበር አለችኝ)፣ ዲንሾ ሁለት፣ ጎባ አንድ፣ ከዚያ እናቴ ቀኑን ሰነቴ አብራን ውላ በሌላ መኪና ከአክስቴ ልጅ ጋር ጎባ ትመለሳለች፣ እኔና ወንድሜ አንድ ሌሊት እናድራለን። በመጨረሻ ሁላችንም ሀረና። የግፊት ኪኒኗ የሚያሸናው ዓይነት ሆኖ ስለተገኘ ሐኪሟ ዳያሞክሱን ለሷ ከልክሏል። እኔ እወስዳለሁ። የቀረኝ ምድጃ ነው፣ ትንሿን የጋዝ ምድጃ ከነሲሊንደሯ ሻንጣ ውስጥ ልክተት?

ሹፌሩ_ከጎባ

ሲሊንደሩን አትያዢ፣ በሻንጣም በእጅም በአውሮፕላን አይፈቀድም፣ ኤርፖርት ላይ ይወሰድብሻል። ምድጃዋን ብቻ ይዘሽ እዚህ የሚገጥማት ጋዝ ብትፈልጊም ላታገኚ ትችያለሽ። ዲንሾ ላይ አስጎብኚና ምግብ አብሳይ ስትይዙ ምድጃ ከነነዳጁ ይዘው ይመጡ እንደሆነ ጠይቂያቸው። ፓወር ባንኩ ደግሞ በእጅ ሻንጣ ይሁን። ሀረና ስትገቡ ሪራ መንደር ላይ ማር መግዛት ከፈለጋችሁ ዕቃ ይዛችሁ ኑ፣ የሚሸጡበት ጠርሙስ ክዳኑ ያፈሳል።