በካቢን አየር ጥራት ላይ የምናቀርበው የጋራ ሐሳብ፦ ረቂቁን እናብስለው

የማኅበሩ ጸሐፊ፦ የተከበራችሁ አባላት፣ የሞተር ዘይት ጭስ ወደ አውሮፕላን ካቢን ስለ መግባቱ ያዘጋጀነው ረቂቅ የመጀመሪያ አንቀጽ «በሁሉም አውሮፕላኖች ላይ የአየር ማጣሪያ ይገጠም» ይላል። መቅደም ያለበት ጥያቄ ይህ ነው ወይ? አስተያየታችሁን ጻፉ።

የበረራ አስተናጋጅ አባል፦ እኔ ከመዝገቡ እንጀምር እላለሁ። አንድ ቀን ለማረፍ ዝቅ ማለት ስንጀምር የከረመ እርጥብ ካልሲ የሚመስል ሽታ ካቢኑን ሞላው። ጉሮሮዬን ከነከነኝ። ባልደረባዬ ግንባሯን ይዛ የመቀመጫ ጀርባ ተደግፋ ቆመች፤ የጋሪውን ፍሬን የረገጥሁላት እኔ ነኝ። ካረፍን በኋላ የጥገና መዝገቡ ላይ የሰፈረው «ሽታ ነበር» የሚል ብቻ ነው። በማግስቱ ከሥሩ «ተፈትሿል፣ ምንም አልተገኘም» ተብሎ ተዘጋ። በር ተከፍቶ አየሩ ከተለወጠ በኋላ ምን ሊገኝ ኖሯል?

የጥገና ባለሙያ አባል፦ እኅታችን የጻፈችው እኔም በየጊዜው የሚገጥመኝ ነው። በአብዛኞቹ አውሮፕላኖች የካቢኑ አየር የሚመጣው ከሞተሩ መጭመቂያ ክፍል ነው። ዘይቱን ከዚያ አየር የሚለዩት ማሸጊያዎች ሲያረጁ፣ ዘይት ከመጠን በላይ ሲሞላ ወይም የሞተሩ ኃይል ድንገት ሲለዋወጥ ጥቂት ዘይት ሾልኮ ከጋለው አየር ጋር ይገባል። በዘይቱ ውስጥ ደግሞ ነርቭን ሊጎዳ የሚችል ትራይክሬሲል ፎስፌት የተባለ ኬሚካል አለ። «ሽታ ነበር» የሚል ጽሑፍ ብቻ ይዤ የትኛውን ሞተር ልፍታ? ሽታው በመነሳት ላይ ነው ወይስ በመውረድ? ከፊት ነው ከኋላ? ረዳት ሞተሩ፣ ጅራቱ ላይ ያለው ትንሹ፣ እየሠራ ነበር? እነዚህን ብትነግሩኝ ፍለጋዬ በግማሽ ያጥራል።

ስለ ማጣሪያውም አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ አውሮፕላኖች ላይ ያለው ሄፓ ማጣሪያ 99.97 በመቶ ደቃቅ ብናኝ ይይዛል፤ ጋዝና እንፋሎት ግን ያልፈዋል። ደግሞም የሚያጣራው በካቢኑ ውስጥ የሚዘዋወረውን አየር እንጂ ከሞተር በቀጥታ የሚገባውን አይደለም። ስለዚህ «ማጣሪያ» ብለን ብቻ ከጻፍን አየር መንገዶቹ «አለን» ብለው ይመልሱልናል።

አብራሪ አባል፦ እውነት ነው። ሌላም መልስ ይጠብቀናል። የአውሮፓ አቪዬሽን ደኅንነት ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ ያደረገው ጥናት በ69 በረራዎች ላይ ለክቶ፣ የካቢን አየር ከተለመደው የቤት ውስጥ አየር የማይከፋ ሆኖ አግኝቶታል። ይህን ደብቀን ብንሄድ እናፍራለን፤ ራሳችን እንጥቀሰው። የእኛ ጥያቄ ስለ ዘወትሩ በረራ ሳይሆን ዘይት ስለሚገባባት ቀን ነው። ያችን ቀን ለመያዝ መለኪያው አውሮፕላኑ ላይ ተገጥሞ መጠበቅ አለበት። ዛሬ ያለን መለኪያ አፍንጫችን ነው፣ እሱም ሽታውን ቶሎ ይለምደዋል።

የኦክስጅን ጭምብልንም አትርሱ። እኛ አብራሪዎች መቶ በመቶ ኦክስጅን የሚሰጥ ጭምብል አለን። ከመንገደኛው ራስ በላይ የሚወርደው ግን የካቢኑን አየር ቀላቅሎ ስለሚሰጥ ከጭስ አያድንም። አስተናጋጆቹ ጭሱን እየተነፈሱ ነው የሚሠሩት። ለእኔ ከሁሉም የሚከብደኝ ይህ ነው።

የበረራ አስተናጋጅ አባል፦ እናመሰግናለን ካፒቴን። ይህ በሥልጠናችን ውስጥ በግልጽ ይግባ። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ስለ ጭስ ክስተቶች ሥልጠናና ሪፖርት አደራረግ ያወጣው መመሪያ፣ ሰርኩላር 344፣ አለ፤ አዲስ ነገር እየጠየቅን አይደለም።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦ እንግዲያው አንቀጽ አንድ «ወጥ የሪፖርት ቅጽ» ይሆናል። አንቀጽ ሁለት «ቋሚ መለኪያ»፣ ሦስተኛው «ሥልጠናና ለሠራተኛው ፈጣን የሕክምና ምርመራ»። ማጣሪያው ወደ አራተኛ ወርዶ «ከሞተር የሚገባውን አየር እንፋሎት የሚይዝ» ተብሎ ይስተካከላል። አዳዲስ አውሮፕላኖች ሲገዙ እንደ ቦይንግ 787 አየሩን በኤሌክትሪክ መጭመቂያ በቀጥታ ከውጭ የሚወስዱት ይታሰቡ የሚለውን አምስተኛ አድርጌዋለሁ። የጥገና ባለሙያው ወንድማችን የቅጹን ጥያቄዎች ከአንድ ገጽ ሳያልፉ እስከ ዓርብ ይላኩልኝ፤ ደክሞ የሚያርፍ ሠራተኛ ነው የሚሞላው።