«የኢትዮጵያ ጥናት አባት» ሉዶልፍ ብቻ ነው?

ክርክሩን የከፈተው፦ ኢዮብ ሉዶልፍ በ1624 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በኤርፉርት ተወልዶ ሕግ የተማረ፣ የጎታው መስፍን አማካሪ የነበረ ጀርመናዊ ነው። በ1681 የኢትዮጵያን ታሪክ በላቲን ጽፎ ፍራንክፈርት ላይ አሳተመ፤ በ1698 የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት አወጣ። ስለዚህ «የኢትዮጵያ ጥናት አባት» ይሉታል። ስሙ ብቻውን መጠራቱ ለእኔ አይዋጥልኝም። እግሩ ኢትዮጵያን አልረገጠም፤ ኢትዮጵያዊው መምህሩ፣ የመካነ ሥላሴው አባ ጎርጎርዮስ፣ ባይኖሩለት ይህን ሁሉ እውቀት ከየት ያመጣው ነበር?

የግዕዝ መምህሩ፦ ልጄ፣ አትቸኩል። በ1649 ሮም በኢትዮጵያውያን ገዳም በቅዱስ እስጢፋኖስ ወደሚኖሩት መነኮሳታችን ሲሄድ ግዕዝን ከመጻሕፍት ለምዶ ነበር። አስተምሩኝ ቢላቸው፣ ይህ ከኢትዮጵያ ውጭ አይሆንም አሉት። ትልቅ የብራና መጽሐፍ አውጥተው አስነበቡት። አነባበቡ አሳቃቸው፤ ይልቁንም አባ ጎርጎርዮስን። መተርጎም ሲጀምር ግን ሳቁ ቀርቶ ተደነቁ። ተነሽና ወዳቂውን፣ የግዕዙን የንባብ ስልት፣ የሚያርምለት መምህር ሳይኖረው ምሥጢሩን ማግኘቱን እንደ ቀላል አትየው። ስንት ዓመት ጉባኤ ቤት ተቀምጦ የማይደርስበት አለ።

ክርክሩን የከፈተው፦ የኔታ፣ ግዕዙን እቀበላለሁ። የአማርኛ ሰዋስው ግን ከእሱ በፊት ታትሞ አያውቅም። «መጣ»ንና «መጣች»ን ከማን አፍ ሰማ?

የሕግ ተማሪዋ፦ መስፍን ኤርንስት በ1652 አባን ጎታ አስጠርተው ስለ ሀገራቸው አስጠይቀዋቸዋል። ሉዶልፍ ቃላቸውን ይዞ ከፖርቱጋል ኢየሱሳውያን (የካቶሊክ ሚሲዮናውያን) ጽሑፍ ጋር አመሳከረ። ሥራው ይህ ነው። ምስክርነት የሰጠ ሰው ፍርዱን ጻፈ አይባልም።

ክርክሩን የከፈተው፦ እህቴ፣ ምስክር ቃሉን ሰጥቶ ይሄዳል። አባ ግን ከተለያዩም በኋላ በግዕዝ ደብዳቤ ይጽፉለት ነበር። ይህ የመምህር ሥራ ነው። አንቺ ምስክር ስትያቸው ያመመኝ ለዚህ ነው።

በጀርመን የምትኖረው፦ ሉዶልፍን ብቻ አትውቀሱት። የአባን ስም በመጽሐፉ ደጋግሞ ጠርቷል፤ ምስላቸውንም አስቀርጿል። ስማቸውን የዘነጋነው ከእሱ በኋላ የመጣነው ነን። አባ ደግሞ ለራሳቸው መናገር አልቻሉም፤ ወደ ሀገራቸው ለመመለስ ሲሞክሩ በ1658 መርከባቸው ሰጥሞ ሞቱ። ታሪኩ የታተመው ከ23 ዓመት በኋላ ነው። አንዲት ገጽ እንኳ አላዩም።

የግዕዝ መምህሩ፦ ይህ የመጨረሻው ነገር ከበደኝ። በእኛም ቤት ተማሪ «ከእገሌ ተማርኩ» ይላል፤ ሉዶልፍም ብሏል። እንግዲህ ለተማሪዎቼ ሁለቱን አንድ ላይ እጠራለሁ። «አባት» የሚለውን ግን ከሉዶልፍ አልነጥቅም፤ አምሳ ዓመት ለፍቶበታል።

ክርክሩን የከፈተው፦ ሁለቱን ከጠሩልኝ፣ የኔታ፣ ማንን እንደሚያስቀድሙ ነው የሚቀረን። እኔ አባን አስቀድማለሁ።