አባይን ስወጣ ካምቢዮው ማርሽ አልቀይር ይላል፤ ሲበርድ ደግሞ ደህና ነው

ጠያቂ፣ ደብረ ማርቆስ፦
ሰላም ለሁላችሁ። መኪናዬ የ2004 ሞዴል ኮሮላ ኦቶማቲክ ናት። ከአዲስ አበባ ስመለስ፣ የአባይን ድልድይ አልፌ ወደ ደጀን ሽቅብ ስወጣ፣ ካምቢዮው በድንገት አንድ ማርሽ ይዞ ይቀራል። ቼክ ኢንጂን ይበራል። ዳር ይዤ አጠፋታለሁ። ትንሽ አርፋ ሳስነሳት ምንም እንዳልነካት ትሄዳለች። ከተማ ውስጥ የሚያጋጥመኝ አልፎ አልፎ ነው፤ ያውም ጉድጓድ ስትመታ። ጋራዥ ነድተው አይተው ምንም የለባትም አሉኝ። አሁን ደግሞ ካምቢዮው ይውረድና ያገለገለ ይገጠም እያሉ ነው። እናቴን ለሕክምና የማመላልሰው በእሷ ስለሆነ መንገድ ላይ መቅረት በጣም ያስፈራኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፣ ከቡሬ፦
ወንድሜ፣ መጀመሪያ የካምቢዮ ዘይቱን እይ። ሜዳ ላይ ቆማ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ ዘይቱ ሞቆ ነው የሚለካው። ማርሹን ከፒ እስከ ኤል አመላልሰህ ፒ ላይ መልሰው፤ ከዚያ መለኪያውን አውጣ። ጠቁሮ ከሆነ ወይም የተቃጠለ ከሸተተህ የውስጥ ጉዳት ሊሆን ይችላል።

መልስ፣ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ ባሕር ዳር፦
የቡሬው ወንድማችን ትክክል ነው። ዘይቱ ንጹሕ ከሆነ ግን እባክህ ካምቢዮውን አታስወርድ። ያረጀ ፍሪሲዮን (ካምቢዮው ውስጥ እየጨበጠ ኃይል የሚያስተላልፈው ሰሌዳ) አርፎ አይድንም። ሲሞቅና ሲንቀጠቀጥ የሚመጣ፣ ሲበርድ የሚጠፋ ብልሽት ብዙ ጊዜ የሽቦ፣ የሶኬት ወይም የሶሌኖይድ (በኤሌክትሪክ የዘይቱን መንገድ ከፍቶና ዘግቶ ማርሽ የሚያስቀይረው ዕቃ) ነው። ያ ዳገት ደግሞ ሁለቱንም ያመጣል፤ ሙቀቱንም ንቅናቄውንም። ጋራዡ በብርድ ነድቶ ምን ሊያገኝ ይችላል?

መጀመሪያ ስካነር (የመኪናውን ኮምፒውተር የሚያነብ መሣሪያ) ይገጠም፤ ኮምፒውተሩ የመዘገበውን የብልሽት ኮድ ጻፉት እንጂ አታጥፉት። ፒ 0753 ወይም ፒ 0758 ካለ ኮምፒውተሩ የሚያማርረው በሶሌኖይዱ የኤሌክትሪክ መስመር ነው። ከዚያ ካምቢዮው ላይ ያለውን ሶኬት ነቅለህ የማርሽ ሶሌኖይዶቹን ኦም (የኤሌክትሪክ መቋቋም) በቴስተር ለካ። ቶዮታ ላይ በ20 ዲግሪ ሙቀት ከ11 እስከ 15 ኦም ነው። ሞቆም ለካው። መዳብ ሲሞቅ ኦሙ ትንሽ ከፍ ይላል፤ እሱ አያስደንግጥህ። ጭራሽ መስመር ከጠፋ ሶሌኖይዱ ወይም የውስጥ ሽቦው ነው። እሱም ቢሆን ዘይት መያዣው ተፈትቶ ይቀየራል እንጂ ሙሉ ካምቢዮ አያስገዛም።

ሶሌኖይዱ ደህና ከሆነ ወደ ሽቦው ሂድ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ከአንድ ክር በቀር የተበጠሰ ሽቦ በኦም ስትለካው ደህና ነው ይልሃል። ኤሌክትሪክ ሲጫንበት ግን ይከዳል። ስለዚህ ሁለቱንም ጫፍ፣ ከኮምፒውተሩም ከካምቢዮውም፣ ነቅለህ በዚያ ሽቦ ትንሽ የ12 ቮልት አምፖል አብራበት። እየበራ ሽቦውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በእጅህ ወዝውዝ። አምፖሉ ብልጭ ድርግም ያለበት ቦታ ብልሽቱ እዚያ ነው።

ማሳውንም (የባትሪውን ኔጋቲቭ ከመኪናው አካል ጋር የሚያገናኘውን ገመድ) አትርሳ። ሞተር እየሠራ፣ የፊት መብራት በርቶ፣ ከባትሪው ኔጋቲቭ እስከ ካምቢዮው አካል ያለውን ቮልት ለካ። ከ0.2 ካለፈ ማሳው ይፈታ፣ ይጸዳ፣ ይጥበቅ። አንድ ነገር አደራ፦ ሶኬት ውስጥ ወፍራም የቴስተር ጫፍ አታስገባ። ፒኑን ያሰፋውና ሌላ ብልሽት ትፈጥራለህ።

ጠያቂ፦
እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። ዘይቱ ንጹሕ ነው። ኮዱ ፒ 0753 ወጣ፤ ሶሌኖይዱ ሞቆም ሲለካ ደህና ነው። በአምፖሉ ስንፈልግ ባትሪው መቀመጫ ሥር ላሜራ የፈተገው ሽቦ ተገኘ። ልባሱ ሲከፈት ውስጡ አረንጓዴ ሆኗል። የሚሠራልኝ ልጅ ጠምዝዞ በፕላስተር ሊያስረው ነው። ይበቃል?

የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ ባሕር ዳር፦
አይበቃም። አረንጓዴው ሽቦ ንጹሕ መዳብ እስኪታይ ድረስ ተቆርጦ ይውጣ። በዚያው ውፍረት ሽቦ ይቀጠል፣ በሳልዳቱራ ይበየድ፣ በሙቀት የሚጨማደድ ላስቲክ ይልበስ። የባትሪ አሲድም እዚያው ይንጠባጠባልና ቦታው በቤኪንግ ሶዳና በውሃ ይታጠብ። ሽቦው ሳይወጠር፣ ከላሜራው ርቆ ይታሰር። ከዚያ ኮዱን አጥፉና እናትህን ሳትጭን፣ ስካነር ያለው ሰው ይዘህ የደጀንን ዳገት ውጣ። ኮዱ ካልተመለሰ ያገለገለ ካምቢዮ የሚባለውን ነገር እርሳው።