የዋጋ ጣሪያና የቤት ኪራይ ላይ ተጣብቄያለሁ፣ እባካችሁ አስረዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ፣ አራት ኪሎ አካባቢ ተከራይተን ነው የምንኖረው። መንግሥት የዋጋ ጣሪያ ሲያስቀምጥ፣ ማለትም ዋጋን ከገበያው ሚዛን (ፍላጎትና አቅርቦት እኩል ከሚሆኑበት ዋጋ) በታች ሲያስር፣ ፈላጊ ይበዛል፣ አቅራቢ ይቀንሳል፣ እጥረት ይፈጠራል። እስከዚህ ገብቶኛል።

ችግሬ ቤት ኪራይ ላይ ነው። በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ አከራይ እንደፈለገ እንዳይጨምር ይገድባል፣ ውሉም ከ2 ዓመት ማነስ የለበትም። ግን በአጭር ጊዜ ያለው ቤት ያው ያለው ቤት ነው፤ የግቢያችን ሰርቪስ ቤት ኪራዩ ስለታሰረ የትም አይሄድም። ስለዚህ የአቅርቦቱን መስመር ቀጥ አድርጌ ወደ ላይ ሳልኩትና ጣሪያውን ሳስገባ እጥረቱ በፍላጎት በኩል ብቻ ታየ፣ ያቺ ብክነትን (በጣሪያው ምክንያት ሳይካሄድ የሚቀረው ግብይት ይሰጥ የነበረውን ጥቅም) የምታሳየው ሦስት ማዕዘን ግን ጭራሽ ጠፋች!

እውነት ብክነቱ ዜሮ ነው? ወይስ ቤቱ አጥብቆ ለሚፈልገው ሰው ሳይደርስ ሲቀር፣ ሰው ከደላላ ደላላ ሲንከራተት የሚያጠፋው ጊዜም ይቆጠራል? ከተቆጠረ ስዕሉ ላይ የቱ ጋ ነው የሚገባው? በረጅም ጊዜስ፣ ለኪራይ ቤት የሚሠራ ሰው ሲቀንስ፣ ሦስት ማዕዘኗ ትመለሳለች ማለት ነው?

ለፈተና ብቻ ብዬ አይደለም፤ እናቴም ውላችን ሲያልቅ ምን እንደሚመጣ ትጠይቀኛለችና በደንብ ልረዳው እፈልጋለሁ። በስዕል የሚያሳየኝ ካለ በጣም አመሰግናለሁ።