ማሽኖቹ ስፌት እየዘለሉብን ነው፣ ነገ ጠዋት ፈተና አለ! እርዱኝ

የደሴዋ መምህርት፦
ሰላም ለሁላችሁ። በጣም ቸኩያለሁ። ደሴ ላይ የሰፈር ሰው አዋጥቶ የሚያቆማት ትንሽ ትምህርት ቤት አለችን። ትምህርት ያቋረጡ፣ ሰው ቤት ሲሠሩ ያደጉ፣ ከዓረብ አገር ባዶ እጃቸውን የተመለሱ ሴት ልጆች በነፃ ስፌት ይማሩባታል። ነገ 2 ሰዓት ኮምቦልቻ ካለ አንድ ፋብሪካ ፈታኝ ይመጣል። 11 ልጆች በኛው ማሽን ይፈተናሉ፤ ያለፈች ሥራ ትገባለች። ካሉን 6 የኢንዱስትሪ ማሽኖች 4ቱ ከትናንት ጀምሮ ስፌት ይዘላሉ። አምስት ስድስቴ ደህና ይወጋና አንዱን ዘሎ ያልፋል። ክር ቀየርን፣ ውጥረቱን አጠበቅን፣ አላላን፤ ወይ ፍንክች! መካኒኩ ስልክ አያነሳም። ምን ይሻላል?

ክር በጣሽ፦
ማሽኖቹም ፈተና ፈርተው ይሆናል።

ሠላሳ ዓመት በስፌት፦
ልጄ፣ ማሽን የሚጠየቀው ሳይታመም ነው። ብናኙ በየማታው በብሩሽ ይጠረጋል። ዘይቱ በየጠዋቱ ይታያል። ሥራ ሲያበቃ እግሩ ሥር ቁራጭ ጨርቅ ይደረግና ማሽኑ ይሸፈናል። እኛ ስንማር መምህራችን ብናኝ ካየ ቁርስ አያስበላንም ነበር። የዛሬ ልጅ የሚያውቀው ፔዳል መርገጥ ብቻ ነው። ለማንኛውም ዘይት አድርጉ።

የደሴዋ መምህርት፦
ጋሼ፣ ዘይት አለው። በየማታውም ይጠረጋል።

የመርካቶ ልጅ፦
ሁኩ ነው፣ ከሥር ክሩን የሚይዘው መንጠቆ። ታይሚንጉ፣ ማለት ከመርፌው ጋር የሚገናኝበት ጊዜ፣ ተዛብቷል። የሁኩን ብሎኖች አላልተሽ ከመርፌው ጋር አስተካክዪው።

ባለ ጂንሱ፦
ኧረ እንዳትነኪው! የ4 ማሽን ታይሚንግ በአንድ ቀን አይዛባም። አራቱም ላይ አንድ የተለወጠ ነገር አለ። ትናንት ምን ቀየራችሁ?

የደሴዋ መምህርት፦
ምንም። መርፌ ብቻ። ለፈተናው ብለን አዲስ አስገባን። ስላልበቃን 2ቱ ማሽኖች በድሮው መርፌ ናቸው፣ እነሱ ደህና ይሰፋሉ።

ባለ ጂንሱ፦
እህቴ፣ ይሄን መጀመሪያ አትናገሪም! ማን አስገባው?

የደሴዋ መምህርት፦
ልጆቹ ራሳቸው። በቤት ሲንጀር ነው የጀመሩት፣ ያውቁበታል።

ባለ ጂንሱ፦
እሱ ነዋ ጉዱ። የቤት ማሽን መርፌ አናቱ ባንድ ጎን ጠፍጣፋ ስለሆነ ተሳስቶ አይገባም። የኢንዱስትሪው ግን ክብ ነው፤ እንዴትም ዞሮ ይገባል። መርፌውን በጥፍርሽ ዳብሺው። ረጅሙ ቦይ ወደ ግራሽ፣ ከቀዳዳው ከፍ ብሎ ያለው ጎድጎድ ደግሞ ወደ ቀኝ ይሁን። ክሩ ከግራ ወደ ቀኝ ይገባል። እስከ ጥግ ወደ ላይ ገፍተሽ ብሎኑን አጥብቂ። ተገልብጦ ከገባ ሁኩ ክሩን ሳይዘው ያልፋል። ጨርቁስ ምንድነው? ቲሸርት ከሆነ ጫፉ ድቡልቡል የሆነ መርፌ ነው የሚፈልገው።

የደሴዋ መምህርት፦
ተራ የጥጥ ጨርቅ ነው። መጣሁ፣ ልየው።

ነገሩ ከሥሩ፦
ይቅርታ፣ ግን ለምን ስፌት? በ2014 ከአጎዋ (ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ከምንልክበት ዕድል) ከወጣን ወዲህ የልብስ ፋብሪካ ነገር ቀዝቅዟል። ደሞዙም የቤት ኪራይ አይሸፍንም። ሞባይል ጥገና ብታስተምሯቸው አይሻልም?

የደሴዋ መምህርት፦
ወንድሜ፣ ነገ 2 ሰዓት የሚመጣው ሰው ሞባይል አይፈትንም። ደሞዙ ትንሽ መሆኑን እናውቃለን። አንዷ ልጅ ግን ሰው ቤት 4 ዓመት ሠርታ የራሷን ብር ይዛ አታውቅም።

ከሆጤ፦
አብሽሪ እህቴ። ከልጆቹ 18 ያልሞላት ካለች ግን አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ከ15 እስከ 18 ያለ ወጣት ሠራተኛ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ አይሠራም። ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓትም አይሠራም። የሌሊት ፈረቃ ካመጡባት እምቢ ማለት ትችላለች። ለሁሉም ደግሞ የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። አንዳንዱ ቀጣሪ ሙከራ ነው እያለ ዓመት ይጎትታል።

የመርካቶ ልጅ፦
እኔ አሁንም ታይሚንግ ነው እላለሁ።

የደሴዋ መምህርት፦
በአላህ! አራቱም ተገልብጠው ነው የገቡት። አንዱን አዙሬ ሰፋሁበት፣ አንዴም አልዘለለ። ሌሎቹን ልቀጥል ስል መብራት ጠፋ!

ባለ ጂንሱ፦
መርፌ ለመቀየር የስልክ ባትሪ ይበቃል። ጎማውን በእጅሽ ቀስ ብለሽ እያዞርሽ ሞክሪው፣ መብራት አትጠብቂ። ጠዋትም ከፈተናው በፊት ሁሉንም ራስሽ ዳብሺ።

ሠላሳ ዓመት በስፌት፦
ዘይቱንም እንዳትረሺ።

ክር በጣሽ (ከ3 ቀን በኋላ)፦
እህቴ፣ ስንቱ አለፉ?

የቃሊቲው፦
በዚሁ አጋጣሚ፣ የኔ ኦቨርሎክ (የጨርቅ ጠርዝ የሚዘመዝመው ማሽን) ክር እየበጠሰ አስቸግሮኛል። መርፌው አዲስ ነው።