እህቴ ከውጭ የላከችው 7 ብልቃጥ ቫይታሚን፣ ለ71 ዓመት እናቴ የትኛውን ልስጣት?

ጥያቄ፦ የመሐል ሜዳ ልጅ (አሁን ደብረ ብርሃን)

ሰላም እንደምን ዋላችሁ፣ እባካችሁ የምታውቁ እርዱኝ። እናቴ 71 ዓመቷ ነው፣ ዕድሜዋን ሁሉ መንዝ ነው የኖረችው፣ አባቴ ካረፈ በኋላ አምና እኔ ጋ ደብረ ብርሃን አመጣኋት። ስኳር አለባት፣ ከታወቀ 9 ዓመት ሆኖታል፣ ሜትፎርሚን ጠዋትና ማታ ትወስዳለች፣ ለግፊት ደግሞ ኢናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የሚሉት የሚያሸና ኪኒን አላት። ጾም በጭራሽ አታስቀርም፣ ሁዳዴው ፍልሰታው ነቢያቱ ረቡዕ አርቡ ሁሉንም ትጾማለች፣ ዓሣም አትነካ።

አሁን የቸገረኝ እህቴ አሜሪካ ነው ያለችው፣ በሰው እጅ አንድ ፌስታል ሙሉ ቫይታሚን ላከችላት። ላዩ ላይ ያለውን እያየሁ ልጻፍላችሁ፣ መልቲቫይታሚን 50 ፕላስ፣ ቫይታሚን ዲ3 50,000 ዩኒት፣ ካልሲየም 600 ሚሊግራም ዲ ያለበት፣ ኦሜጋ 3፣ ቫይታሚን ኢ 400 ዩኒት፣ ቢ12 1000 ማይክሮግራም፣ ፖታሲየም 99 ሚሊግራም። እህቴ በየቀኑ ከሁሉም አንዳንድ ስጫት፣ እዚህ አገር ትልልቆቹ ሰዎች ይሄን እየዋጡ ነው በ90 ዓመታቸው መኪና የሚነዱት ትላለች። እኔም ዲ3ውን ሰጥቻት ነበር፣ ትላንት መቀነቷን ስታጥብ ከቋጠሮው ውስጥ ካፕሱሎቹ ዱብ ዱብ አሉ። ምነው እማዬ ስላት "ጾም ነው እኮ ልጄ፣ ሽፋኑ ከምን እንደተሠራ በምን አውቃለሁ" አለችኝ።

ሌላው ደግሞ እግሯ ነው። ማታ ማታ ይነዝረኛል፣ ጉንዳን የሚሄድበት ይመስለኛል ትላለች፣ በቀደም ነጠላ ጫማዋ ከአንድ እግሯ ወልቆ ሳታውቀው ግቢውን ሙሉ ተሻገረች፣ በዚህ ብርድ! እኔ ነኝ አይቼ የነገርኳት። በጥር ወርም ኩሽና ደፉ ላይ ወድቃ ነበር እግዚአብሔር ይመስገን አልተሰበረችም። እርጅና ነው ትላለች። ከነዚህ ውስጥ የሚጠቅማት የቱ ነው?

መልስ፦ ሲስተር (ሸዋ ሮቢት)

እህቴ እንኳን ጠየቅሽ። ዛሬውኑ ሁለቱን ብልቃጥ ለይተሽ አንሺ፣ 50,000ውን ዲ3ና ፖታሲየሙን። 50,000 የሚለው በየቀኑ የሚዋጥ አይደለም፣ እጥረት እንዳለበት ለታወቀ ሰው ሐኪም በሳምንት አንዴ፣ ለተወሰነ ሳምንት ብቻ የሚያዘው ነው። ከ70 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው በቀን የሚመከረው 800 ዩኒት ነው፣ ያለ ሐኪም መታለፍ የሌለበት ጣሪያ ደግሞ 4,000 ነው፣ እንግዲህ ሂሳቡን አንቺው አስቢው። ቫይታሚን ዲ ሲበዛ እንደ ቫይታሚን ሲ በሽንት ወጥቶ አያልቅም፣ ሰውነት ውስጥ ይጠራቀማል፣ ደም ውስጥ ያለውን ካልሲየም ከልክ በላይ ከፍ ያደርገዋል። በዚያ ላይ የካልሲየም ኪኒን ሲጨመር፣ ደግሞ እናትሽ የሚወስዱት የሚያሸናው ኪኒን ራሱ ካልሲየም በሽንት እንዳይወጣ የሚይዝ ነው፣ ሦስቱ በአንድ ሰው ላይ ተረባረቡ ማለት ነው። ምልክቱ ውሃ መጠማት፣ ሽንት መብዛት፣ ሆድ ድርቀት፣ ማቅለሽለሽ፣ ሲብስ መቀባዠር ነው፣ ትልቅ ሰው ላይ ሲታይ ስኳሩ ነው ወይ እርጅና ነው ተብሎ ይታለፋል፣ እስከዚያ ኩላሊት ይጎዳል።

ፖታሲየሙ መጠኑ ትንሽ ቢሆንም ኢናላፕሪል ፖታሲየምን ሰውነት ውስጥ የሚያስቀር መድኃኒት ነው፣ ስኳር ያለበት ሰው ኩላሊት ደግሞ ደከም ሊል ይችላል፣ ፖታሲየም ሲበዛ ልብን ነው የሚነካው። ሐኪም ሳያዝ አይሰጥም።

እስካሁን ስንት ዲ3 እንደዋጡ ቆጥረሽ ንገሪኝ እባክሽ። እግራቸውን ደግሞ ዛሬ ማታ በብርሃን እይው፣ ተረከዙንም በጣቶቹ መሀልም፣ የማይሰማው እግር ላይ ቁስል ሳይታወቅ ነው የሚሰፋው።

መልስ፦ የአንኮበር ልጅ

እኔ የምለው ኪኒን በኪኒን ባታደርጊያቸው ነው። አያቴ አንኮበር 90ን አልፈው ነው ያረፉት፣ ቫይታሚን የሚባል አያውቁም፣ ጠዋት በሶ፣ በጾም ተልባ በሱፍ፣ ጥቁር አዝሙድ ከነጭ ሽንኩርት ጋር፣ እስከ መጨረሻው ቁልቁለቱን በእግራቸው ነበር የሚወርዱት። የገብስ ምግብ አብዢላቸው። አገራችን ያለውን ትተን ነው የሰው የምንናፍቀው።

መልስ፦ ፋርማሲስቱ (ደብረ ብርሃን)

የአንኮበር ወንድሜ አያትህን ነፍስ ይማር፣ ያልከው አብዛኛው ልክ ነው። ገብስ የሚሟሟ አሰር ስላለው ለስኳርም ለሆድም ጥሩ ነው፣ ተልባ የእፅዋቱ ዓይነት ኦሜጋ 3 አለው፣ ጤፍ ደግሞ ከስንዴ የበለጠ ካልሲየም አለው፣ ሰሊጥም ጎመንም እንደዚሁ። ቁልቁለቱን በእግር መውረዱ ራሱ ለአጥንትና ለጡንቻ ከብዙ ብልቃጥ ይበልጣል። ግን አንድ ነገር አለ፣ ቢ12 ገብስ ውስጥ የለም፣ ሽሮ ውስጥ የለም፣ ጎመን ውስጥም የለም። የሚሠሩት ባክቴሪያዎች ናቸው፣ ለኛ የሚደርሰን በሥጋ በጉበት በእንቁላል በወተት በዓሣ በኩል ነው። አጥብቆ የሚጾም ሰው ደግሞ በዓመት ውስጥ ከግማሽ ያላነሰውን ጊዜ እነዚህን አይቀምስም። ወጣት ሲሆን ጉበቱ ያጠራቀመው ለዓመታት ይበቃዋል፣ ሲያረጅ ግን የጨጓራ አሲዱ ስለሚቀንስ ከምግቡ ላይ ቢ12ን ፈልቅቆ ማውጣት ያቅተዋል፣ በፍስኩ የበላውም በደንብ አይገባለትም። ኦሜፕራዞል የሚባለውን የጨጓራ መድኃኒት ለረጅም ጊዜ የሚወስድ ሰውም እንዲሁ ነው።

አሁን የእናትሽን ነገር እይው፣ 71 ዓመት፣ ጾመኛ፣ 9 ዓመት ሜትፎርሚን። ሜትፎርሚን ቢ12 እንደሚቀንስ የታወቀ ነገር ነው። የእግር መንዘር፣ መደንዘዝ፣ ጫማ ሲወልቅ አለማወቅ፣ መውደቅ፣ ይሄ ስኳሩ ነርቭ ነክቶ ሊሆን ይችላል፣ ቢ12 አንሶም ሊሆን ይችላል፣ ሁለቱም አብረው ሊሆኑ ይችላሉ፣ በዓይን አይለይም። የቢ12 እጥረት ከቆየ ነርቩ ላይመለስ ስለሚችል አታዘግዩት። ደም ማነስ የላቸውም ቢሉሽም አትተዪው፣ ደም ሳይቀንስ ነርቭ ብቻ ሊነካ ይችላል፣ ፎሊክ አሲድ ሲወሰድ ደግሞ ደሙን ያስተካክልና ነርቩ ውስጥ ውስጡን እየተጎዳ እንዲቀጥል ያደርጋል። መልቲቫይታሚኑ ውስጥ ፎሊክ አሲድ አለ፣ ብቻውን አስጀምረሽ እንዳትቀመጪ የምልሽ ለዚህ ነው።

ሰባቱን አንድ በአንድ ካልሽኝ ከሁሉም ለእሳቸው የሚቀርበው ቢ12ቱ ነው። ለጤነኛ ሰው በቀን የሚያስፈልገው 2.4 ማይክሮግራም ብቻ ሆኖ ለምን 1000 ይላል ትይኝ ይሆናል፣ ዋናው መንገድ ሲዘጋ በአንጀት ሾልኮ የሚገባው ከመቶ አንድ ያህሉ ስለሆነ ነው። ግን መጀመሪያ ደማቸውን አስመርምሪ ከዚያ ጀምሪ፣ አስቀድመሽ ከሰጠሽ ውጤቱ ይዛባል። ቫይታሚን ኢ ዕድሜ ያስረዝማል ተብሎ ብዙ ተወርቶለት ነበር አልተገኘበትም፣ መጠኑ ሲበዛ ደም እንዳይረጋ ስለሚያደርግ ይቅርባቸው። ኦሜጋ 3ና ቫይታሚን ዲን አሜሪካ ውስጥ ከ25,000 በላይ ሰው ላይ 5 ዓመት ገደማ ሞክረውት በ2018 እንደ ፈረንጅ ውጤቱ ሲወጣ ካንሰርንም የልብ ሕመምንም በአጠቃላይ አልቀነሱም፣ የጎደለው ሰው ይጠቀማል እንጂ ያልጎደለውን ወጣት አያደርግም። ለእህትሽ በፍቅር እንዲህ ብለሽ ንገሪያት።

የጾሙን ጉዳይ እናትሽ ትክክለኛ ጥያቄ ነው የጠየቁት። ለስላሳው ካፕሱል ሽፋኑ ብዙ ጊዜ ጄላቲን ነው፣ ከከብት ወይ ከአሳማ ቆዳና አጥንት ይሠራል። ዲ3ውም ብዙውን ጊዜ ከበግ ፀጉር ላይ ከሚወጣው ቅባት ነው የሚሠራው። ቢ12 ግን በፋብሪካም የሚሠራው በባክቴሪያ እርሾ ነው፣ ከእንስሳ አይደለም፣ በደረቅ ኪኒን መልክ የመጣውን ፈልጊላቸው፣ ካፕሱልም ቢሆን የእፅዋት የሚል ከተጻፈበት ከጄላቲን ነፃ ነው።

የመሐል ሜዳ ልጅ፦

እግዚአብሔር ይስጣችሁ አለቀስኩ እኮ። ሲስተር ቆጠርኩት፣ ዲ3ው 60 ፍሬ ይላል 54 አለ፣ 5ቱ መቀነቷ ውስጥ ነበሩ፣ ስለዚህ የዋጠችው አንዷን ብቻ ነው፣ የመጀመሪያ ቀን እኔ ፊት የዋጠቻትን። መቀነቷን ስሜ አስቀመጥኩት። እግሯንም አየሁ፣ ቀኝ ተረከዟ ተሰንጥቋል እንጂ ቁስል የለም። የቢ12 ምርመራ ግን እዚህ ይሠራል?

ሲስተር፦

ተመስገን፣ አንዷ ምንም አትል። ምርመራው ሁሉም ቦታ የለም፣ እኔ የማውቃቸው ሰዎች የግል ላብራቶሪ ደሙን ተቀብሎ አዲስ አበባ ልኮላቸው ነው በቀናት ውጤቱ የመጣው፣ ደውለሽ ጠይቂ። በዚያው የኩላሊትና የካልሲየም ምርመራም አብሮ ይታይ፣ ግፊታቸውም ተኝተው ከዚያ ቆመው ይለካ፣ ሲቆሙ የሚወርድ ከሆነ የመውደቃቸው ምክንያት አንዱ እሱ ነው።

መልስ፦ ከእነዋሪ

እኛ ጋ እግር ሲባል መጀመሪያ የሚታሰበው ጓያ ነው፣ እናትሽ ጓያ ይበሉ ነበር?

ፋርማሲስቱ፦

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ግን የጓያው እግርን ገትሮ ያደርቃል፣ አረማመድን ይለውጣል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ አያደነዝዝም። ጫማ ሲወልቅ አለማወቅ የስሜት ነርቭ ነው።

መልስ፦ የደነባው

እኔ አንድ ነገር ልንገራችሁ ብዬ ነው፣ ሰው እንዳይደገምበት። አባቴ ስኳር አለበት፣ የዛሬ 3 ዓመት አንድ ሰው ቤታችን ድረስ መጥቶ አራት ብልቃጥ ሱፕልመንት ሸጠልን፣ እርጅና ይመልሳል ስኳር ያጠፋል አለ፣ ቦርሳውን ከፍቶ የዳኑ ሰዎች ፎቶ ሲያሳየን እኛም አመንን፣ አንድ በሬ የሸጥንበት ብር ነው የሄደው። አባቴ የሆስፒታሉን መድኃኒት ተወው፣ በሁለተኛው ወር አፉ ደርቆ ሰው መለየት አቅቶት በኮንትራት መኪና ስናደርሰው ስኳሩ ከ400 በላይ ነበር። ዳነ ተመስገን። እኔ ቫይታሚን አትስጡ አልልም፣ የታዘዘውን መድኃኒት አስቁሞ በምትኩ ይሄን ውሰዱ የሚል ሰው ሲመጣ ግን በሩን ዝጉ። ሻጩ ደግሞ የሚያውቀን የሰፈር ልጅ ነው፣ እስካሁን የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።

መልስ፦ የደብረ ሲና እናት

የኔ ልጅ እኔ 66 ዓመቴ ነው። ዶክተሩ አጥንትሽ ሳስቷል ሲለኝ ፀሐይ ሙቂ አለኝ፣ እኔ እኮ ሁልጊዜ ነው የምሞቀው አልኩት፣ እንዴት ነው የምትሞቂው ሲለኝ ጋቢዬን ተከናንቤ አልኩት፣ ፀሐዩን ጋቢው ነዋ የሚሞቀው አለኝ። አሁን ጠዋት ብርዱ ሲሰበር ክንዴንና ቅልጥሜን ገልጬ 15 እና 20 ደቂቃ እቀመጣለሁ፣ በመስኮት መስታወት ውስጥ የሚገባው ደግሞ አይሠራም ብለውኛል። እናትሽን ውጪ አውጪያት፣ የደብረ ብርሃን ብርድ ቤት ውስጥ እንደሚያስቀምጥ አውቃለሁ። ከወንበር በእጅ ሳይደግፉ መነሳትም በቀን አሥር ጊዜ አሠርተውኛል፣ ጉልበቴ ተመለሰ። መድኃኒቱን በጾም ስለመውሰድ ደግሞ የንስሐ አባቷን አነጋግሪያቸው፣ የኔ አባት ለሕመም የሚወሰድ መድኃኒት ነው ውሰጂው ብለውኛል፣ ከእሳቸው አፍ ስትሰማው ነው እናትሽ የምትቀበለው እንጂ ከልጅ አትሰማም።

የመሐል ሜዳ ልጅ (ከአምስት ሳምንት በኋላ)፦

ሰላም፣ ውጤቱን ልንገራችሁ ብዬ ተመለስኩ። ቢ12ቷ በጣም አንሶ ተገኘ፣ ዶክተሩ በዚህ ቆይቶ ቢሆን ኖሮ አለና ራሱን ነቀነቀ። መርፌ ጀመረላት፣ መጀመሪያ ቀን በቀን አሁን በሳምንት፣ ከዚያ ኪኒኑን ትቀጥላለች ተብሏል። ካልሲየሟና ኩላሊቷ ደህና ነው። ዲውን በቀን 800 አዘዘላት፣ 50,000ውን ለእህቴ መልሰው ይዘውላት እንዲሄዱ ወደ አሜሪካ ለሚመለሱት ሰዎች ሰጠሁ፣ እሷም ስልክ ላይ አለቀሰች፣ እኔ እኮ ትኑርልኝ ብዬ ነው አለችኝ። ግፊቷ ስትቆም ይወርዳል፣ የሚያሸናውን ቀነሰላት።

የንስሐ አባቷ መጥተው ቁጭ ብለው አነጋገሯት፣ መድኃኒቱን ራሳቸው ባርከው ሰጧት፣ ከዚያ ወዲህ መቀነቷን ስፈትሽ ምንም የለም። መንዘሩ ማታ ማታ ቀንሶላታል፣ መደንዘዙ ገና ነው፣ ዶክተሩም ወራት ይፈልጋል ብሏል። ነጠላ ጫማውን አስቀርቼ ከኋላ ማሰሪያ ያለው ገዛሁላት፣ ኩሽና ደፉ ላይም አምፖል አስገባሁ። ሲስተር አንድ ልጠይቅሽ፣ ካልሲየሙን ከምግብ ጋር ነው ወይስ በባዶ ሆድ?

ሲስተር፦

ካልሲየም ካርቦኔት የሚል ከሆነ ከምግብ ጋር ነው፣ ሲትሬት ከሆነ በማንኛውም ሰዓት ይሆናል። ግን ዶክተሩ ካላዘዘው አትጀምሪው፣ ደማቸው ላይ ያለው ደህና ነው ብሎሻል፣ ከጤፍ ከጎመን ከሰሊጥ ያገኙታል፣ ፋሲካ ሲገባ ደግሞ አይብና ወተት አለ። እናትሽን ሳሚልኝ።