መብት አብሮን ይወለዳል ወይስ ማኅበረሰቡ ይሰጠናል? (ከጎንደር ከተማ ከአዘዞ፣ ከማራኪ፣ ከአራዳና ከቸቸላ ሰፈሮች የመጡ አራት ሰዎች ሲከራከሩ)

የአዘዞው፦ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 10 ሰብዓዊ መብት ከሰው ልጅ ተፈጥሮ ይመነጫል ይላል። ለእኔ አልዋጥልህ ብሎኛል። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ ማግባት ትችል ነበር። በ1992 የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ 18 አደረገው። በመሃል የሴት ልጅ ተፈጥሮ ተለወጠ? የተለወጠው ሕጉ ነው። መብቱን የሰጣት ሕጉ ነው።

የማራኪዋ፦ ወንድሜ፣ ተፈጥሮዋ ካልተለወጠ ድሮም በልጅነቷ ስትዳር ትበደል ነበር ማለት ነዋ! አንዲት ልጅ ከገጠር ጠፍታ መጥታ እኛ ቤት ተጠግታ ነበር። ሽማግሌ ተልኮ፣ ጥሎሹ ተቆርጦ፣ ጠላው ተጠምቆ፣ ዳሱ ሊጣል ሲል ነው የወጣችው። አገር ምድሩ ተስማምቷል። እሷ ግን «አልፈልግም» አለች። አንቀጽ የሚባል ነገር በጆሮዋ ገብቶ አያውቅም። መብት ሰጪው ማኅበረሰቡ ከሆነ፣ የእሷ ማኅበረሰብ አልሰጣትም። ስለዚህ አልተበደለችም ልበል? ይህን እኔ በአፌ አልለውም።

የአራዳው፦ ልጆቼ፣ አንድ ነገር ልጨምር። የጎንደር ሊቃውንት ሲያስተምሩት የኖሩት የድሮው የሕግ መጽሐፍ፣ ፍትሐ ነገሥት፣ ሰው ሁሉ በተፈጥሮው ነፃ ነው ይላል። ባሪያ ያደረገው ጦርነትና ምርኮ ነው ይላል። እዚያው ላይ ግን የባርነትን ሥርዓት ይደነግጋል። ባርነት በአዋጅ የተሻረው በ1934 ዓ.ም ነው። አባቶቻችን ሰው ነፃ መሆኑን እያወቁ ነው ነፃነቱን የከለከሉት።

የአዘዞው፦ ጋሼ፣ እኔስ ምን አልኩ? መጽሐፉ ነፃ ነህ እያለው ሰውየው ገበያ ወጥቶ ተሸጠ። ያ የተፈጥሮ መብት ምን አዳነው? እታለም፣ ያቺንም ልጅ ያዳናት የእናንተ ቤት ነው።

የማራኪዋ፦ እኛ የሰጠናት ማደሪያ ነው። «አልፈልግም» የማለት መብቷን ይዛው ነው የመጣችው። ማኅበረሰቡ ሰጪ ነው ካልን ነገ ሲነፍገን በምን እንሟገተዋለን? የራሱን ነው የነሳን።

የቸቸላው፦ እኔ ሁሉንም መብት በአንድ ዓይን አላየውም። ምርጫ በሌለበት አገር የመምረጥ መብት ከማኅፀን ይዤ ወጣሁ ለማለት ይከብደኛል። አለመገረፍ፣ አለመሸጥ ግን ሌላ ነው። እሱን ማንም አልሰጠኝም።

የአዘዞው፦ ታዲያ ይኼኛው የተፈጥሮ፣ ያኛው የማኅበረሰብ ብሎ የሚለየው ማነው? እኛው ቁጭ ብለን ተስማምተን አይደል?

የማራኪዋ፦ ተስማምተን ብንሳሳትስ? ባርነት ላይ እኮ ተስማምተን ነበር። ዛሬ ያ ስሕተት ነበር የምትለው ከምን ጋር አመሳክረህ ነው? እሱን መልስልኝና እንቀጥል።